የማታ ክፍላችንን ከመዝጋታችሁ በፊት የተማሪዎቹን መዝገብ እዩልን

ግልጽ ደብዳቤ
ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ
መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤታችን የማታ መርሐ ግብር እንዲዘጋ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በአንድ አነስተኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማታ የምናስተምር ስድስት መምህራን ነን። በሁላችንም ስም የምጽፈው እኔ የማታ 8ኛ ክፍል ኃላፊና የሒሳብ መምህሩ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጠቀስነው ተማሪዎቻችን በአሠሪዎቻቸው ዘንድ እንዳይታወቁ ብለን ነው። እናንተ ግን የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። የምንመልሰው ለእናንተው ደብዳቤ ነው።

የጥር ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ገጽ ወረቀት ደረሰን። ከመስከረም 2019 ጀምሮ የማታው 7ኛና 8ኛ ክፍል ይዘጋል ይላል። ተማሪዎቹ በሁለት ታክሲ ወደሚደረስበት ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ምክንያቱ ሦስት ነው፦ የተማሪ ቁጥር ማነስ፣ ከፍተኛ መጠነ ማቋረጥ፣ ዝቅተኛ የ8ኛ ክፍል ውጤት። አንድ ሠንጠረዥም ተያይዟል። የቀን ተማሪዎች ውጤት ከላይ፣ የማታው ከሥሩ።

ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው። ፈተናውን ያለፉ ተማሪዎቻችን ጥቂት ናቸው። መስከረም ላይ ተመዝግበው ሰኔ ላይ የማናያቸው ብዙ ናቸው። ይህን ለመሸፋፈን አልጻፍንም። ቅር ያለን ሁለቱ ረድፎች ሲነጻጸሩ ማን ከማን ጋር እንደተነጻጸረ አንድም ቦታ አለመጻፉ ነው። እሱን ሳይጠይቅ የተላለፈ ውሳኔ ተማሪዎቻችንን ከነጭራሹ ከትምህርት ያስወጣቸዋል ብለን እንፈራለን።

እስቲ እነማን እንደሆኑ እንንገራችሁ።

የ8ኛ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ አርባ የማይሞላ ስም አለ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹም የሚበዙት የቤት ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝ የሚያገኙ አሉ። "ዘመድ ቤት ነው ያለሁት" የሚሉም አሉ። እነዚህ ያንኑ ሥራ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። ወንዶቹ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ሊስትሮዎችና ሸማኔዎች ናቸው። ታክሲ ላይ በረዳትነት የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሉ። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። የበኩር ልጇ በዚሁ ግቢ ቀን 6ኛ ክፍል ይማራል፣ እሷ ማታ 8ኛ ናት። ዕድሜያቸው ከ15 ተነሥቶ አርባዎቹ ውስጥ ይገባል።

የመጡት ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ብዙዎቹ 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ላይ አቋርጠው የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት፣ አምስት፣ አንዳንዶቹም አሥር ዓመት ደብተር ሳይነኩ ቆይተዋል። ከጋሞ የመጣው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የተማረው በጋሞኛ ነው። አማርኛን የለመደው እዚህ መጥቶ፣ ሽመና ላይ ሆኖ ነው። 7ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሒሳቡና ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀው። ይህ ልጅ በሦስተኛ ቋንቋው ነው የሚፈተነው። ሠንጠረዡ ላይ እሱ አንድ "ያላለፈ" ብቻ ነው።

የቀኑም ተማሪ የድሃ ልጅ መሆኑን እናውቃለን። ቀን የምናስተምረው እኛው ነን። ግን የቀኑ ተማሪ ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበላል። ደብተርና ዩኒፎርም ከከተማ አስተዳደሩ ያገኛል። ምገባው ከተጀመረ ወዲህ በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚያዞረው ልጅ ምን ያህል እንደቀነሰ በዓይናችን አይተናል። መልካም ሥራ ነው። የማታው ተማሪ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። ለሰው ቤት እራት ሠርታ፣ አቅርባ፣ የራሷን ሳትቀምስ የምትመጣ ልጅ አለችን። ከአንደኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ትጥላለች። አልቀሰቅሳትም። በዕረፍት ሰዓት ተነሥታ ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን።

ትልቁ ቅሬታችን የሰዓት ነገር ነው። ትምህርት የሚጀመረው 11፡30 ላይ ነው። በዚህ ሰዓት የቤት ሠራተኛ ከቤት መውጣት አትችልም፣ እራት ገና እሳት ላይ ነው። ቶሎ ደረሰች ከተባለ 12 ሰዓት ከሩብ ትገባለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ያልፋታል። የእኛ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳብ ነው፣ እኔ የማስተምረው። ሠንጠረዡ ላይ ከሁሉም የወረደው ውጤት የሒሳብ መሆኑን አይታችኋል። ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀን ሰው የለም። ክፍለ ጊዜዎቹን እንቀያይር ብለን አምና በጽሑፍ ጠይቀን ነበር። የጊዜ ሰሌዳው ከቀኑ ፈረቃ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ቀረ።

የመቅሪያ ቀኖቻቸውን በመዝገቡ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሆሳዕና እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሴቶቹ የሉም። ለፋሲካ ቤት ይጸዳል፣ ዶሮ ይሠራል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ያ ሁሉ በእነሱ እጅ ነው። ገናም እንዲሁ። ሸማኔዎቹ በዓል ሲቃረብ የሀገር ልብስ ትዕዛዝ ይበዛባቸዋል። የግንባታ ሠራተኛው ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) በሚሞላበት ቀን አይመጣም፣ ሙሌት ከተጀመረ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሳያልቅ አይቆምምና። ጥበቃዎቹ ፈረቃ ሲቀየርባቸው ሁለት ሁለት ሳምንት ይጠፋሉ። አንዱ "መምህር፣ ቀን ፈረቃ እስኪደርሰኝ ደብተሩን አደራ" ብሎ ለጓደኛው ሰጥቶ ሲሄድ ሰምቻለሁ። ተመልሶ ሲመጣ ከመዝገብ ተሰርዟል። በተከታታይ ይህን ያህል ቀን የቀረ ይሰረዝ የሚለው መመሪያ ለሱ የተለየ ነገር የለውም። እናንተ ጋ የደረሰው ሪፖርት "አቋርጧል" ይላል። ልጁ ግን ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ስሙ በሌለበት መዝገብ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፌ ነው የምጠራው።

ሕጉም አይደርስላቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራና ሌሊት እንዳይሠራ ይላል። የቤት ሠራተኛ ግን "ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት" ከሚባለው ውስጥ ስለምትገባ ይህ ጥበቃ አይሸፍናትም። ጉዳዩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ተብሎ ነው የታለፈው። ስለዚህ 16 ዓመት የሞላት ተማሪዬ ከንጋት 11 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሠርታ ነው ክፍል የምትገባው። ተመልሳ ደግሞ ዕቃ ታጥባለች። ይህን ጽሕፈት ቤታችሁ ያስተካክለው አንልም፣ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ነገር ግን የዚህችን ልጅ ነጥብ ስትመዝኑ ይህ ከፊታችሁ ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛው የፈተናው ነገር ነው። ማታ የሚማር ሰው ማታ የሚማረው ቀን ስለሚሠራ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ሰው አሁንም "ሚኒስትሪ" የሚለው፣ የሚሰጠው ግን በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከአሠሪ ፈቃድ መለመን የግድ ነው። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ እግዜር ይስጠው። አንዳንዱ አንዱን ቀን ይፈቅድና ሁለተኛውን ይከለክላል። አምና አንዲት ተማሪያችን "ልጁን ማን ይይዘዋል?" ስትባል ሕፃኑን አዝላ መጣች። ፈተና ክፍል ይዛው መግባት አትችልም። በር ላይ ያሉት ዘበኛ ተቀበሏት። ሻይ የምትሸጠው የ7ኛ ክፍል ተማሪያችንም ሥራዋን ጥላ መጥታ አገዘቻቸው። ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ ፈተናው ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። እሷ በዚያ ውስጥ ሆና ነው እንግሊዝኛ የተፈተነችው። አላለፈችም። ዘንድሮ እንደገና ተመዝግባለች።

ለምዝገባ ፎቶ ሰጥተው፣ ፎርም ሞልተው፣ በፈተናው ቀን መምጣት ያልቻሉም አሉ። ሠንጠረዡ እነሱንም ከወደቁት ጋር ደምሯቸዋል። ያልተፈተነ ሰው ወድቋል አይባልም። ይህ የስሌት ስሕተት ነው፣ እንዲታረምም እንጠይቃለን። ሲታረምም ውጤታችን የሚያኮራ አይሆንም። ቢያንስ ግን እውነተኛ ይሆናል።

ሦስተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ለመመዝገብ ከቀድሞው ትምህርት ቤት መልቀቂያና ካርድ ይጠየቃል። ለብዙዎቹ ይህ ማለት አገር ቤት ድረስ መሄድ ነው። ሦስት ቀን ፈቃድ፣ የአንድ ወር ደመወዝ የሚበላ የመኪና ወጪ። ከአማራ ክልል የመጡት ደግሞ ሄደውም አያገኙም። በግጭቱ የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የወደሙም አሉ። አንዷ ተማሪያችን ወንድሟን ልካ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ርዕሰ መምህሩ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፣ ሰነዱም የለም። 6ኛ ክፍልን መጨረሷን እኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአነባበቧና ከአጻጻፏ አውቀናል። መዝገብ ላይ ግን ልናስገባት አልቻልንም። ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ተማሪ ሆና ትማራለች። የተማሪ ቁጥር አነሰ ስትሉን በዚህ ምክንያት ያልተመዘገቡትን አልቆጠራችኋቸውም።

የግቢው ነገር አጭር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ 11 ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ቁልፉ የቀኑ ሠራተኛ ጋ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉም እንዲሁ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለቀኑም ተማሪ አልበቃም፣ ለማታ የደረሰን ለአንድ ዴስክ አንድ ነው። ስልክ ያላቸው በፒዲኤፍ ያነባሉ። ከስምንት አምፖል ሦስቱ ነው የሚበራው። መብራት ሲሄድ በስልክ ባትሪ አስተምረናል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ማታ ብርሃን ስለሌለው ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት።

የራሳችንን ጥፋትም እንናገር። እኛ መምህራኑ ቀኑን ሙሉ ስናስተምር ውለን ነው ማታ የምንገባው። ደክሞን ማስታወሻ ጽፈን የወጣንባቸው ቀናት አሉ። የማታ ክፍያ ሲዘገይ የቀሩ ባልደረቦቻችን አሉ። የቀረ መምህር የሚተካው የለም፣ ልጆቹ አርባ ደቂቃ ጠብቀው ይበተናሉ። ያች ልጅ ግን ያን አርባ ደቂቃ ከአሠሪዋ በስንት ልመና እንዳገኘችው እናውቃለን። ይህ ከባድ ነው፣ ለተማሪዎቻችንም ይቅርታ ጠይቀናል። በግምገማ ልትጠይቁን ይገባል። እኛ ባጠፋነው የሚዘጋው ግን የእነሱ ክፍል መሆን የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን "ይዛወራሉ" የምትለዋ ቃል ናት። በወረቀት ላይ ቀላል ትመስላለች። የቤት ሠራተኛ ማታ እንድትማር የሚፈቀድላት ትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ነው። አሠሪዋ "እዚሁ አይደል፣ ሂጂ" ትላለች። 2፡30 ላይ ተለቅቃ 2፡45 ቤት ትገባለች። በአዲሱ ምደባ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት። የታክሲውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ። 3፡30፣ ምናልባትም 4 ሰዓት ነው የምትገባው። በዚህ ሰዓት በር የሚከፍትላት አሠሪ ጥቂት ነው። ለታክሲ የሚሆን ገንዘብም የላትም፣ ደመወዟን አገር ቤት ትልካለች። በዚያ ላይ ጨለማው አለ። አምና አንዷን ተማሪያችንን ከትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ስልኳን ቀምተው ጥለዋታል። ከዚያ ወዲህ በቡድን ነው የሚሄዱት፣ ወንዶቹ ሴቶቹን እያደረሱ።

ርቀት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጪውን ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። በኮሪደር ልማቱ ሰፈራቸው ሲነሣ ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱ ተማሪዎች ነበሩን። "አንቀርም፣ እንመላለሳለን" ብለው ነበር። የመጀመሪያውን ወር ተመላለሱ። በሁለተኛው ወር በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። ከገና በኋላ አላየናቸውም። አንዱ ስልክ ደውሎ "መምህር፣ አሁን ሥራም ሰፈርም ቀየርኩ፣ እዚህ አካባቢ የማታ ትምህርት ካለ ይንገሩኝ" አለኝ። ፈልጌ ነበር። ለእሱ የሚሆን አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ስለ ውጤት አንድ ነገር እንጠይቅ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። እነዚህ በአብዛኛው ቀን የሚማሩ፣ ሙሉ ጊዜያቸው የትምህርት የሆነ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ያለ የለም። ለወደቁት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት (ሬሜዲያል) ተከፈተ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏቸው፣ ችግሩ ከታች ነው ተብሎ ስለ መምህራንና ስለ መጽሐፍ ተወራ። ትክክል ነበር። ለምን ታዲያ የእኛ ተማሪ ሲወድቅ መፍትሔው መዝጋት ሆነ? ለእሱስ ሬሜዲያል ለምን አይታሰብም?

የማታ ትምህርት በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ብርሃንህ ዛሬ ነው ትምህርት ቤት ለአዋቂዎች ማታ ማታ ያስተምር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገበሬው ከእርሻ፣ እናት ከጓዳ ወጥታ ፊደል ቆጥራለች። የእኔም እናት ከእነዚያ አንዷ ናት። ስሟን መጻፍ የተማረችው በኩራዝ ብርሃን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የመብራት ቢል ሲመጣ ራሷ ታነበዋለች፣ ለማንም አትሰጥም። ክፍሌ ውስጥ የማየው ያንን ነው።

"8ኛ ክፍል ማለፍ ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል?" ያለን ሰው ነበር። የጥበቃ ቅጥር ማስታወቂያ ስታዩ "8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ" ይላል። በ2008 የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሲታወጅ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠይቆ ነበር። ያን ጊዜ ለዚያ ብለው የመጡ ልጆች ነበሩን። ከእነሱ አንዷ ለወረቀቱ መጥታ፣ ከዚያ ጉዞውን ትታ 9ኛን ቀጠለች። ዛሬ በሌላ ትምህርት ቤት ማታ 11ኛ ክፍል ናት። ከፈተናው ውጪ ያለውም ቀላል አይደለም። ስትመጣ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ የማትችል የነበረች፣ ዛሬ ለምትይዘው ሕፃን የሽሮፑን መጠን ራሷ አንብባ ትሰጣለች። ደላላው ያመጣውን ውል አንብቦ "ይኼ የተነጋገርነው አይደለም" ያለ ልጅ አለ። ይህ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም።

የመጨረሻው ቅሬታችን ማንም አለመጠየቁ ነው። የቀን ተማሪ ወላጅ አለው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ውስጥ ወላጅ ተቀምጦ ይከራከራል። የማታ ተማሪ ካርዱን የሚቀበለው ራሱ ነው፣ ወላጁም ራሱ ነው። ወተመህ ውስጥ ግን መቀመጫ የለውም። ውሳኔው ሲተላለፍ ከተማሪዎቹ አንድ ሰው አልተጠራም። ወረቀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነው ያዩት። ማታ በስልክ ብርሃን ተሰብስበው ሲያነቡት እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ጉሊት የምትሸጠው እናት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ "እኛ መውደቃችንን ነው የጻፉት፤ መምጣታችንን አልጻፉትም" አለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንኛውም የኢትዮጵያ ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። እሷም ዜጋ ናት፣ ለጉሊት ቦታዋም ትከፍላለች።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የመዝጊያው ውሳኔ ቢያንስ ለአንድ የትምህርት ዘመን ይቆይልን። በዚያ ዓመት ውስጥ ተማሪዎቹን መስከረም ላይ ሲገቡና ሰኔ ላይ ሲወጡ እንመዝናቸው። ከየት ተነሥተው የት እንደደረሱ ይታይ። ያ ተደርጎ ምንም ለውጥ ከሌለ እኛ ራሳችን ስለ ቀጣዩ ልንነጋገር ዝግጁ ነን።

ሠንጠረዡ ይታረም። ያልተፈተነው ከወደቀው፣ ፈረቃ ተቀይሮበት የቀረው ካቋረጠው ይለይ። ለማታ ተማሪ የመቅሪያ ቀን መመሪያ ሥራውን ያገናዘበ ይሁን።

ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ለአሠሪዎቻቸው የሚሰጥ፣ በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ የሁለት ቀን የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ይጻፍልን። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የእኛን ፊርማ የማይሰማ አሠሪ የእናንተን ማኅተም ይሰማል። ፈተናው ሰኔ ላይ ስለሆነ ይህን ውሳኔው እስኪታይ ሳትጠብቁ ብትሰጡን።

መልቀቂያ ማምጣት ለማይችሉ፣ በተለይ ትምህርት ቤታቸው በግጭት ለተዘጋባቸው፣ የምዘና ፈተና ተሰጥቷቸው በሚመጥናቸው ክፍል ይመዝገቡ። ፈተናውን ማዘጋጀትና ማረም በእኛ ይሁን፣ ክፍያ አንጠይቅም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ 12፡15 ይገፋ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ወደ መካከል ይምጡ። እሑድ ከሰዓት ማጠናከሪያ እንድናስተምር ግቢው ይከፈትልን። የቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቁልፍ ለማታው አስተባባሪ ይሰጥ። አምፖሉንና የሴቶች መጸዳጃ ቤቱን መብራት ትምህርት ቤቱ ከውስጥ ገቢው እንዲያስተካክል ትእዛዝ ይሰጥልን።

ከማታ ተማሪዎች አንድ ሴትና አንድ ወንድ ወተመህ ውስጥ ይግቡ። ስብሰባውም እነሱ በሚችሉበት ሰዓት ይሁን።

በመጨረሻም አንድ ማታ ኑልን። ሳታስታውቁ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ 12፡30 ላይ። ከኋላ ባለው ዴስክ ላይ ቦታ አለ። መዝገቡን እናሳያችኋለን፣ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፉትንም ስሞች ጭምር።

ምላሻችሁን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንጠብቃለን። ተማሪዎቹ ለመጪው ዓመት ከአሠሪዎቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በግንቦት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የማታ 8ኛ ክፍል ኃላፊና የሒሳብ መምህር፣ በማታው መርሐ ግብር መምህራን ስም

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለትምህርት ቤቱ ወተመህ
ለማታ ተማሪዎች፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ